ራይድ የኡበር ኩረጃ ነው?

«ራይድ እኮ አዲስ ነገር አይደለም፤ የኡበር ኩረጃ ነው» ይለኛል አንድ ወዳጄ። እሱ እዚህ ዋሽንግተን ኡበር ይነዳል፤ አገር ቤት ሊነግድበት የቆጠበውን ገንዘብ ግን ማንም ያላሰበው ሐሳብ እስኪመጣለት ብሎ ዓመታት አስቀምጦታል።

እኔ አልስማማም። ኡበር ሲጀመር ስማርት ስልክና የባንክ ካርድ ላለው ሰው የታሰበ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ይኼ ስንቱን ያገለግላል? ሳምራዊት ፍቅሩ ያቋቋመችው ራይድ ግን ተራ ስልክ የያዘም ሰው 8294 ደውሎ መኪና እንዲጠራ፣ በጥሬ ገንዘብም እንዲከፍል አደረገ። የወዳጄ እናት መተግበሪያ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ቁጥሩን ግን በቃላቸው ይዘውታል። (ይኼን ችግር ሳን ፍራንሲስኮ ተቀምጦ ማየት ይከብዳል።)

ወዳጄ ደግሞ አዲስ አበባን ያውቃታል፤ የጎደለውን ሲዘረዝር አያልቅበትም። ታዲያ ከዚያ ውስጥ አንዱን ይዞ ቢጀምር ምን አለበት?