ዙፋኑ ራሱን ያስመዘነበት በዓል

የንጉሥ ኢዮቤልዩ ሲነሣ ከብዙዎቻችን አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ድግስ» ነው። መድፍ፣ ሰልፍ፣ ጠጅ፣ ውዳሴ፤ በመጨረሻም የባከነ የድሀ ገንዘብ። አስተያየቱ ከየት እንደ መጣ ግልጽ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ቴሌቪዥኑ የወሎን ረሃብተኛ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ አሳየ። ያ ፊልም ስለ ወሎ የሰጠው ፍርድ ትክክል ነበር። ስሕተቱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ንጉሥ የከበረበት ቀን ሁሉ በዚያው ፊልም ዐይን ይታይ ጀመር። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የተከበረው የዘውድ 25ኛ ዓመትም ሳይመረመር አብሮ ተፈረደበት።

እኔ ግን የ1948ቱ ኢዮቤልዩ ዙፋኑ የሚመዘንበትን ሚዛን በገዛ እጁ ለሕዝብ የሰጠበት ቀን ነው እላለሁ።

ለበዓሉ የተመረቀውን ቴአትር ቤት እንመልከት። ጣሊያን ሲኒማ ማርኮኒ ብሎ የጀመረው ሕንፃ ለኢዮቤልዩው ተጠናቆ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተባለ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ማለት ነው። ከፊቱ የፈረንሳዊው ቀራፂ የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ቆመ። ስሙም የንጉሡ፣ ምልክቱም የንጉሡ። ለመክፈቻ መድረክ ላይ የወጣው ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩ የቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ድርሰት «ዳዊትና ኦሪዮን» ነው። ታሪኩን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ዳዊት ከሰገነቱ ሆኖ የወታደሩን የኦሪዮንን ሚስት ቤርሳቤህን ያያል፣ ያስመጣታል፣ ታረግዛለች። ባልየውን ከጦር ሜዳ አስጠርቶ ወደ ቤቱ እንዲገባ ቢያባብለውም ሰውየው ጓዶቹ ሜዳ ላይ እያደሩ እኔ ከቤቴ አልተኛም ብሎ በጄ አይልም። ንጉሡም የገዛ ሞቱን ትእዛዝ የያዘ ደብዳቤ አስይዞ ወደ ግንባር ይመልሰዋል። ኋላ ነቢዩ ናታን ይመጣና ስለ ድሀው ሰው በግ ነግሮ ንጉሡን በራሱ አፍ በራሱ ላይ ያስፈርደዋል።

እንግዲህ ይህ ነው የውዳሴ በዓል የተባለው! ዳዊት ደግሞ ለዚያ ቤተ መንግሥት የሩቅ ሰው አልነበረም። በዚያው ሰሞን የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 ዙፋኑን የሚያስረው ከሰሎሞንና ከንግሥት ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ የዘር ሐረግ ጋር ነው። ሰሎሞን የማን ልጅ ነው? የዳዊትና የዚያችው የቤርሳቤህ። ዙፋኑ የሚመካበት ሐረግ የሚያልፈው በዚያ በደል በኩል ነው ማለት ነው። ደራሲው ንጉሡን ሊነካ አስቦ ይሁን አይሁን ለእኔ ልዩነት የለውም። የአገር የመጀመሪያው ባለሥልጣን በንጉሡ በዓል፣ በንጉሡ ስም በተጠራ ቤት፣ ንጉሥ ሊበድልና ሊፈረድበት እንደሚችል የሚናገር ታሪክ አቅርቧል።

የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም እንዲሁ ነው። አንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይነካ መሆኑን ይደነግጋል። ይህን ማንም ጠቅሶ ይጨርሳል። ያው ወረቀት የመናገርንና የጋዜጣን ነጻነት፣ ማንም ያለ ሕግ ሕይወቱን፣ ነጻነቱንና ንብረቱን እንዳያጣ፣ ወንዱም ሴቱም እንደራሴውን እንዲመርጥ ይደነግጋል። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንደራሴ የሚመርጡት መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ፤ በ1950 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ቃሉ አልተጠበቀም ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፦ አፈረሰ ተብሎ የሚከሰሰው ቃል የሰጠ ብቻ ነው።

ለኢዮቤልዩው የታነጸው ቤተ መንግሥትም አለ። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ኑሯቸውን ወደዚያ አዛውረው የቀድሞ መኖሪያቸውን ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ የተሰለፉት የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። የ1966ቱ አብዮት ፊደል የቆጠረው በ1948ቱ ኢዮቤልዩ ነው ብል አላፍርም።

ደርግ በበኩሉ ሕገ መንግሥቱ ለዓለም ታይታ የተጻፈ፣ ለንጉሡ ፍጹም ሥልጣን የሚሰጥ ነው አለ። ታይታ ብቻ ከነበረ ለምን ቸኮለበት? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን በዚያው በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ከዙፋን አውርዶ በቮልስዋገን ወሰዳቸው፤ የ1948ቱን ሕገ መንግሥት ደግሞ በመጀመሪያው አዋጁ አገደ። ለከንቱ የድግስ ወረቀት እንዲህ ያለ አዋጅ ባላስፈለገም ነበር።