ትልቅ ጎማ በአሮጌ መኪና ላይ ስለ መግጠም

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ነጋዴ ዘንድ መኪና የምቾት ዕቃ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። የጉና ዙሪያ ድንችና ገብስ፣ የስማዳ ጤፍና ሽምብራ ወደ ገበያ የሚወጣው፣ ጨውና ቆርቆሮም ወደ ገጠር የሚገባው በመኪና ነው። ከእነዚህ መኪናዎች መካከል ዕድሜያቸው ከባለቤቶቻቸው ልጆች ዕድሜ የሚበልጥ ጥቂቶች አይደሉም። ይህም በቅርቡ የሚለወጥ አይመስልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን የማስገቢያ ዋጋ አክብዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግለን የግድ ነውና፣ አያያዙን ጠንቅቆ ማወቅ ይገባናል።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን አንድ እየተስፋፋ የመጣ ልማድ ነው። ባለ አሮጌ መኪናው ፋብሪካው የሰጠውን ትንሽ ጎማ ከነቸርኬው አውልቆ ከፍ ያለ ጎማ ያስገጥማል። ምክንያቱ ከንቱ ነው ለማለት አንደፍርም። ከዋናው የወረታና የወልድያ መንገድ ወጥቶ በጠጠርና በአፈር መንገድ ወደ ቀበሌዎች የሚገባ ሰው የመኪናው ሆድ በድንጋይ ሲፋቅ መስማት ይሰለቸዋል። በገበያውም ባለ 13 ኢንች ጎማ ከመፈለግ ባለ 14ና ባለ 15 ማግኘት ይቀላል። ሆኖም ሳይለካ የተገጠመ ጎማ የሚያስከፍለው ዋጋ ጎማው ከተገዛበት ዋጋ እንደሚበልጥ ይህ ጸሐፊ በራሱ ገንዘብ ተምሮታል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። መኪናዬ ባለ 175/70 ጎማና ባለ 13 ኢንች ቸርኬ ነበረች። አንድ ጎሚስታ በቅን ልቡና ባለ 195/65 ጎማ ከባለ 15 ኢንች ቸርኬ ጋር እንድለውጥ መከረኝ፤ እኔም ሳልጠይቅ ተቀበልሁ። መኪናዋ ከፍ ብላ ስትታይ ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ግን ከደብረ ታቦር ተነሥቼ የክምር ድንጋይን ዳገት እስክጀምር ድረስ ነው። ቀድሞ በሁለተኛ ማርሽ የምወጣውን ዳገት በአንደኛ ወጣሁት፤ የፍሪሲዮን ሽታ ቤቱን ሞላው። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ መኪናዋ እንደ ቀድሞው በማርሽ ሳትያዝ ወደ ፊት ወደ ፊት አለች። በሁለት ወር ውስጥ ፍሪሲዮን ለወጥሁ፤ በሦስተኛው ወር የድሮውን ጎማ መለስሁ።

ስሕተቱ የት እንደ ነበረ በኋላ በወረቀት ላይ አሰላሁት፤ ስሌቱም ማንም ነጋዴ የሚችለው ነው። በጎማው ጎን ከተጻፉት ቁጥሮች የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት ከመቶ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሦስተኛው የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ከ175 ላይ 70 ከመቶው 122 ተኩል ነው፤ ጎኑ ከላይም ከታችም ስለሚቆጠር 245 ይሆናል። 13 ኢንች 330 ሚሊሜትር ነውና፣ ሲደመር የጎማው ጠቅላላ ቁመት 575 ሚሊሜትር ነው። በዚሁ መንገድ ሲሰላ የ195/65 ባለ 15 ጎማ ቁመት 634 ሚሊሜትር ተኩል ይሆናል። ልዩነቱ ወደ 60 ሚሊሜትር ይጠጋል። መኪናውን ከመሬት የሚያነሣው ግን የዚህ ግማሽ ብቻ ነው። እንግዲህ ያተረፍሁት ሦስት ሳንቲሜትር ነበር።

ለዚህ ሦስት ሳንቲሜትር የተከፈለው ምንድን ነው? ጎማው በ10 ከመቶ ስለ ረዘመ፣ እያንዳንዱ ማርሽ በዚያው መጠን ከበደ። ይህ ነገር በሜዳ አገር ብዙ አያስታውቅም። ደብረ ታቦር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። ሩብ ጉልበቱ በአየሩ ምክንያት በተወሰደበት ሞተር ላይ ሌላ አንድ አሥረኛ በገዛ እጃችን ስንጨምርበት ፍሪሲዮን ቢቃጠል ምን ይደንቃል?

ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ቁልቁለቱ ነው። የፍጥነት መለኪያው የሚቆጥረው የጎማውን መዞር እንጂ የመንገዱን ርዝመት አይደለም። ስለዚህ መለኪያው 80 ሲል መኪናው በ88 ይሮጣል። ሸክም ይዞ በ88 የሚሮጥን መኪና ለማቆም በ80 ከሚሮጠው ይልቅ ፍሬኑ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሚበልጥ ኃይል መዋጥ አለበት። በዚህ ላይ ጎማው ሲረዝም ያው ፍሬን መኪናውን የሚይዝበት ጉልበት አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል። የሞተሩም መያዣነት ይላላል። የጨጨሆን ገደል የሚያውቅ አንባቢ እነዚህ ሦስት ጉዳዮች በአንድ መታጠፊያ ላይ ቢገናኙ ምን እንደሚደርስ ሌላ ሰው እንዲነግረው አያስፈልገውም። በዚያ መኪና ውስጥ ያለው የባለቤቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሌላ ሰው እህልና የሌላ ሰው ነፍስም አለ።

የንግዱም ሒሳብ ይዛባል። መኪናው 100 ኪሎሜትር ሲሄድ ቆጣሪው 91 ያህል ብቻ ይመዘግባል። በኪሎሜትር የሚያከራይ ሰው ሳያውቀው ገቢውን ያጣል፤ በ5,000 ኪሎሜትር ዘይት እቀይራለሁ የሚል ሰው 5,500 ከሄደ በኋላ ይቀይራል፤ መኪናውን የሚገዛውም ሰው በቆጣሪው ይታለላል።

ከዚህ ሌላ ቸርኬው ወደ ውጭ ከወጣ፣ ወይም በሞዞውና በቸርኬው መካከል ማራራቂያ ብረት ከገባ፣ ኩሽኔታው ያለ ጊዜው ያልቃል፤ ጎማውም መሪው ሲታጠፍ ፓራፋንጎውን ይበላል። የጎማውን ጠቅላላ ቁመት ሳይለውጡ ቸርኬውን ብቻ ማሳደግ የሚወዱም አሉ። ይህ ለከተማ አስፋልት ይሆን ይሆናል። ነገር ግን የ205/40 ባለ 17 ጎማ ጎኑ 8 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ የቀድሞው 12 ነበረ። በጠጠር መንገድ ድንጋዩን የሚቀበለው ያ የጎማው ጎን ስለ ሆነ፣ ጎኑ ሲያጥር ጎማው ይቀደዳል፤ ቸርኬውም ይጣመማል።

በዚህ አገር ስለ ሸክምና ስለ መንኰራኵር ሲነገር ዐፄ ቴዎድሮስን አለማስታወስ አይቻልም። በጋፋት የተሠራውን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ ጋይንትን አቋርጠው፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል አስወርደው አስወጥተው ነው። ጉዞው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ በመንኰራኵሩ ብቻ አልተማመኑም፤ ከፊት ከፊት መንገዱን በሸክሙ ልክ ያስጠርጉ ነበር። የሸክም፣ የመንኰራኵርና የመንገድ ልክ አንድ ላይ እንደሚታሰብ የዚያ ዘመን ሰው በክንዱ አውቆታል።

እንግዲህ አሳባችን ትልቅ ጎማ ፈጽሞ አይገጠም የሚል አይደለም። ነገር ግን በቅድሚያ ይለካ። ፋብሪካው የፈቀደው ልክ ብዙ ጊዜ በሹፌሩ በር አጠገብ ተለጥፎ ይገኛል። አዲሱ ጎማ በጠቅላላ ቁመቱ ከዚያ ከ3 ከመቶ በላይ እንዳይርቅ መጠንቀቅ በብዙ አገር የተለመደ ደንብ ነው። የእኔዋን መኪና ብንወስድ፣ ባለ 13 ጎማ የጠፋበት ሰው የ185/60 ባለ 14 ጎማ ቢገጥም ቁመቱ 577 ሚሊሜትር ተኩል ነውና ምንም ነገር አይናጋም። ከዚያ የሚበልጥ የሚፈልግ ሰው የፍሬኑን፣ የዲፈረንሻሉንና የፍጥነት መለኪያውን ወጪ አብሮ ያስብ።

ገዢው በጎማው ላይ ሌሎች ሁለት ነገሮችንም ያንብብ። አንደኛው የመሸከም ቁጥሩ ነው፤ 82 ማለት 475 ኪሎግራም፣ 91 ማለት 615 ኪሎግራም ነው። ሁለተኛው የተሠራበት ጊዜ ነው፤ 3521 ተብሎ ቢጻፍ በፈረንጆች 2021 በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጎማ ሻጮቻችንም እነዚህን ቁጥሮች በደረሰኝ ላይ ቢጽፉ ለስማቸው ክብር፣ ለገዢው ዋስትና ይሆናል። የየከተማው የንግድ ማኅበራት ደግሞ በአካባቢው ለሚበዙት የመኪና ዓይነቶች የሚስማማውን የጎማ ልክ በአንድ ሠንጠረዥ አሳትመው በየጎማ ቤቱ ቢሰቅሉ ወጪው ከጥቂት ወረቀት አያልፍም። ዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራም የጎማውን መላላጥ ብቻ ሳይሆን ልኩን ጭምር ቢመለከት መልካም ነው።

በመጨረሻም ይህን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ነጋዴው ሦስት ሳንቲሜትር ለማግኘት ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን የሚሠዋው መንገዱ ስላስገደደው ነው። የገጠር መንገድ በክረምት መውጫ በወቅቱ ቢጠገን ብዙ ሰው የድሮ ጎማው በበቃው ነበር። ስለዚህ ስለ መንገድ ጥገና የሚቀርበው አቤቱታ ስለ ጎማ ከሚደረገው ጥንቃቄ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። መንገዱ እስኪጠገን ድረስ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ጎማችንን ከመግዛታችን በፊት ቆመን እንለካ።