ሰቆጣን የማያውቅ የዜና አማርኛ

ስለ አማርኛ መበላሸት ወሬ ሲነሣ ቁጣው መጀመሪያ የሚያርፈው ፊደል ላይ ነው። ጋዜጣው «ሠራዊት»ን በእሳቱ ሰ ጻፈው፣ ቴሌቪዥኑ «ፀሐይ»ን በሃሌታው ሀ አሳየው፣ አቅራቢዋ «ሕፃናቶች» አለች፣ እንግዳው «መምህራኖች» አለ እየተባለ ስንት ወረቀት ያልቃል፣ ስንት ስብሰባ ይሞቃል። ቁጣው ከንቱ ነው አልልም። «ሕፃናት» ራሱ ብዙ ሆኖ ሳለ «ኦች» ሲለጠፍበት የእኔንም ጆሮ ይቆረቁረዋል። ግን «ሕፃናቶች» ሲባል ሰምቶ ነገሩ ያልገባው ሰው አይቼ አላውቅም። ሰቆጣ ላይ ሬዲዮ ከፍቶ ስለ ራሱ አገር የሚያዳምጥ ሰው ከዚህ የከፋ ስሕተት ይሰማል፤ የመንደሩ ስም ሌላ ሆኖ ይነበብለታል፣ ስለ ችግሩም ማን ምን እንዳደረገ በማይታወቅ ዓረፍተ ነገር ይነገረዋል። ለዚህኛው የቋንቋ ተቆርቋሪው ወገን ትንፍሽ አይልም።

ሰቆጣ ዋና ከተማው ከሆነችለት የአማራ ክልል ዞን ስም እንጀምር። ዋግ ኽምራ ነው። «ዋግ ህምራ»፣ «ዋግ ሕምራ»፣ «ዋግ ሃምራ» ተብሎም ይጻፋል፤ በአንድ ዜና ውስጥ ርእሱ አንድ ዓይነት፣ ሐተታው ሌላ ዓይነት ሆኖ ማግኘትም ብርቅ አይደለም። ኸ ከግእዙ ገበታ ላይ የሌለች፣ በከ ላይ ምልክት ተጨምሮ ለአማርኛ የተበጀች ፊደል ናት። በአዲስ አበባው አነጋገር ከሀ የተለየ ድምፅ ስለሌላት፣ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው ወገን ብዙ ጊዜ ከሐና ከኀ ጋር አሰልፎ ያሰናብታታል። ሲሻው «ትርፍ ፊደል» ይላታል። የዞኑ ኽምራዎች ግን ከጉሮሮ ተፍቆ የሚወጣ ድምፅ አላቸው፤ የራሳቸውን ስም የሚጀምሩት በእሱ ነው። ለእነሱ ኸ ሥራ ላይ ያለች ፊደል ናት። ኦስትሪያዊው ሊዮ ራይኒሽ በ1884 እ.ኤ.አ. ስለ ቋንቋቸው ስለ ኽምጣና ቪየና ላይ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ የሕዝቡን ስም የጻፈው ጀርመኖች ያንኑ የጉሮሮ ድምፅ በሚጽፉበት ፊደል ነበር፤ «ባኽ» በሚለው የሙዚቀኛ ስም መጨረሻ ላይ እንደምንሰማው። የሩቁ ሰው ከመቶ አርባ ዓመት በፊት የሰማውን ድምፅ የአገሩ ዜና አንባቢ ዛሬ አይሰማውም።

«አማርኛ የሚያነብ ሰው የሌላ ቋንቋ ድምፅ እንዲያወጣ ለምን ይገደዳል?» የሚል አይጠፋም። እሺ፤ ታዲያ የስፖርት አቅራቢው የኖርዌዩን ተጫዋች «ኦዴጋርድ ሳይሆን ኦዴጎር ነው» ብሎ የሚጨነቀው ለምንድን ነው? ለማያውቀው የአውሮፓ ልጅ ስም የሚተርፍ ጥንቃቄ ለዋግ ሲሆን ያልቃል። ከዚያም በላይ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ኽምጣና ለአማርኛ ባዕድ አይደለም። የአማርኛ ግሥ ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚቀመጠው በአገው ቋንቋዎች ተጽዕኖ እንደሆነ የቋንቋ አጥኚዎች ሲጽፉ ኖረዋል። «አማርኛዬ ንጹሕ ነው» የሚለው ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር በአገው ሰዋስው ነው የሚናገረው።

የወረዳዎቹ ነገር ይብሳል። ድሃና አንድ ቦታ «ደሃና»፣ ሌላ ቦታ «ዳህና» ነው። ፃግብጂ በጂም በጅም ያልቃል፤ ሰሃላ «ሳህላ» ይሆናል። ዝቋላ ደግሞ ፊደሉ ሳይሳሳት ራሱ ያሳስታል። አዲስ አበባ ላይ «በዝቋላ ድርቅ ገባ» ቢባል የሰሚው ልብ የሚሄደው ወደ ምሥራቅ ሸዋው ተራራ፣ ወደ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ነው። የዋግ ኽምራው ዝቋላ ሌላ አገር ነው፤ ቆላ ነው፣ ሕዝቡም የዝናብን ማጠር ደጋግሞ ያየ ነው። አበርገሌም ሁለት ነው፤ አንዱ ዋግ ኽምራ ውስጥ፣ ሌላው ጣንቋ አበርገሌ ተብሎ ትግራይ ውስጥ። ለአርታኢው ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ሁለት ቃል መጨመር ብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖው ጊዜም ሆነ በ2016 ዓ.ም. እንደገና ዝናብ አጥሮ ሰውና ከብት ሲቸገር፣ ዘመድ ያለው ሰው ከዜናው የሚፈልገው ዋናው ነገር የቦታው ስም ነበር። የትኛው ዝቋላ? የትኛው አበርገሌ?

በጽሑፍ የተዛባውን በንባብ ማረም ይቻል ነበር፤ ግን እዚያም ሌላ ወጥመድ አለ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ለተፈናቃዮች እህል ይሰጣል» የሚለውን እንውሰድ። ሰ እና ጣ ከላሉ፣ ከጀርባ አንድ ሰጪ አለ፤ ቢሮው ወይም ድርጅቱ ነው የሚሰጠው። ከጠበቁ ግን ሰጪው ይጠፋል፤ እህሉ ብቻ ይቀራል። ጽሑፉን ቀድሞ ያላየ አንባቢ በግምት አንዱን ይመርጣል። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህ ነገር ስለቆጫቸው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አደረጉ። ተከታይ ግን ብዙም አላገኙም። ያንን መጽሐፍ በሬዲዮ የተረከው ወጋየሁ ንጋቱ ገጸ ባሕርያቱን በየድምፃቸው ሲያናግር ላልቶም ጠብቆም የሚያምታታ ቃል አልነበረም፤ ጽሑፉን አጥንቶ ነበርና ወደ ማይክሮፎን የሚቀርበው። ዛሬ ወረቀቱ ከአታሚው እንደወጣ ትኩሱን ይነበባል። የወረዳዎቹን ከተሞች፣ አስከተማን፣ ጽጽቃን፣ ኒሯቅን ሰምቶ የማያውቅ ሰው የትኛውን እንደሚያጠብቅ ከወረቀቱ ሊያውቅ አይችልም። ጥፋቱ የምላሱ አይደለም፤ ሊጠይቀው የሚችል ሰው ያላዘጋጀለት ነው ጥፋተኛው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቃሉ ሁሉ በትክክል የተጻፈ፣ ሞክሼው ሁሉ በቦታው ያለ ዜና እንዲህ ሊል ይችላል፦ «በዞኑ ድርቅ በተከሠተባቸው አካባቢዎች ለሚገኙ ወገኖች ድጋፍ ከማድረግ አንፃር እንደ ዞን ትኩረት ተሰጥቶት ሥራ እየተሠራ የሚገኝበት ሁኔታ ነው ያለው።» ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ካለ እሱ ሬዲዮ የለውም። ማን ነው የሠራው? ስንት ኩንታል ነው? የት ደረሰ? መቼ? «ሥራ እየተሠራ» ነው፤ ሠሪው የለም። «እንደ ዞን» ሲባል ዞኑ ሠራ ማለት ነው ወይስ ዞን የሚመስል ነገር? «የሚገኝበት ሁኔታ ነው ያለው» የሚለው ጅራት ቢቆረጥ የሚጎድል ነገር የለም። የፊደል ጠበቃው ግን ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቦ «ሠ»ዎቹ ንጉሡ ሠ መሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላ በደስታ ያሳልፈዋል።

አነጋገሩ ከጋዜጠኛው አልተወለደም። አብዛኛው የተጻፈለትን ነው የሚያነበው፤ ጽሑፉ ከቢሮ ሪፖርት ይመጣል፣ ሪፖርት ደግሞ ማንም ተጠያቂ እንዳይሆን ተደርጎ ይጻፋል። ዜና ክፍሉ ይህን ሪፖርት ሳያላምጥ ሲያስተላልፍ የአማርኛ ስሕተት ብቻ አይደለም የሚሠራው።

ገበሬውም ከዚህ አነጋገር አያመልጥም። በኽምጣና ወይም «ከ»ን «ኸ» በሚል የገጠር አማርኛ ሲናገር ድምፁ ይቀነስና የዘጋቢው ድምፅ ይገባል፦ «የፕሮግራሙ ተጠቃሚ በመሆናቸው ደስተኛ መሆናቸውን ገልጸዋል።» እርሻ ላይ ቆሞ «ተጠቃሚ ሆኛለሁ» የሚል ሰው የት ነው ያለው? ሰውየው ምናልባት «ዝናቡ ነሐሴ ላይ ቆመብን፣ ፍየሎቹን ሸጥን፣ ልጁን ወደ ከተማ ሰደድነው» ነው ያለው። ያ ንግግር ራሱ ዜና ነበር። ድራማ ላይ ደግሞ ያው ሰው ከየትም ያልሆነ የባላገር አነጋገር ተሰፍቶለት ማሳቂያ ይሆናል። በዜናው አፉ ተዘጋ፣ በድራማው በአፉ ተሳቀበት፤ «የቋንቋ ጥራት» የሚባለውም ይኸው ነው።

ሰቆጣ በስሟ የሚጠራ አንድ ትልቅ ሰነድ አላት። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. አጠፋለሁ ብሎ የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። «መቀንጨር» ከአገር ቤት የተገኘ ጥሩ ቃል ነው፤ እናቶችም ገበሬውም ይሉታል፣ ሚዲያውም በማንሣቱ ሊመሰገን ይገባል። ቃል ኪዳኑን ግን ብዙዎች «ሰቆጣ ዲክላሬሽን» እያሉ ያልፉታል። በአማርኛው ቃል የገባ ወገን እንዳለ ይታወቃል፤ ማን፣ ለማን፣ እስከ መቼ ብሎ መጠየቅም ይቀላል።

የሚፈለገው ማሻሻያ ውድ አይደለም። የክልሉ የመገናኛ ብዙኃን ተቋም በኽምጣና ቋንቋ የሚያሰራጭ ነው፤ ስሙን በትክክል የሚጠራ ሰው ሩቅ አይደለም ማለት ነው። የወረዳዎቹንና የዋና ከተሞቻቸውን ስም አንድ የአገሩ ልጅ በድምፅ ቀድቶ ለየዜና ክፍሉ ቢሰጥ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም። የሁለቱን ዝቋላና የሁለቱን አበርገሌ ልዩነት አርታኢው ግድግዳ ላይ ይለጥፈው። «ሕፃናቶች»ን የሚሰርዘው ቀይ እስክሪብቶም «ሥራ እየተሠራ ይገኛል» ላይ ይረፍ፤ ዘጋቢው ስንት ኩንታል፣ የትኛው ቀበሌ፣ በማን እጅ እንደደረሰ ጠይቆ እስኪመጣ ድረስ ዜናው ይቆይ።