ስለ ሠራተኛ ደመወዝና ስለ ገበያ ዋጋ

የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ መነሻ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር፥ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ እንዲል ከተወሰነ ወዲህ በየቤቱ አንድ ዓይነት ንግግር ይሰማል። «ደመወዝ በተጨመረ ቍጥር ገበያው ይብሳል፤ ባይጨመር ይሻል ነበር» ይባላል። ይህን የሚለው ደመወዝተኛ ያልሆነው ብቻ አይደለም፤ ጭማሪው የደረሰው ሰውም ገና ገንዘቡን ሳይጨብጥ ሽንኵርትና ዘይት ሲወደድበት ያንኑ ይደግማል። ንግግሩ ከልብ የመነጨ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ነገር ግን ግማሽ እውነት በቤት ውስጥ ሲለመድ ወደ በደል የሚመራበት ጊዜ አለና፥ በዚህ ወር ዓምዳችን ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ከላይ የተጠቀሰው መነሻ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ብቻ የተወሰነ ነው። በፋብሪካ፥ በሱቅ፥ በሆቴልና በግንባታ ሥራ ለተሰማራው ወገናችን የደመወዝ ወለል፥ ይኸውም «ከዚህ በታች መክፈል አይቻልም» የሚል ሕጋዊ ልክ፥ ለረጅም ጊዜ ሲጠበቅ የቈየ ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 ጉዳዩን አጥንቶ ወለሉን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም አመልክቷል፤ ዐዋጁ ከወጣ ከስድስት ዓመት በኋላ፥ በ2017 ዓ.ም.፥ የሠራተኛ ማኅበራት ይህንኑ ገና ይጠይቁ ነበር። ጥያቄውን ከሚያዘገዩት ምክንያቶች አንዱም ይኸው «ዋጋ ይንራል» የሚለው ፍርሀት ነው።

ለመሆኑ ዋጋ ከምን ከምን ይሠራል? አንድ ዳቦ ቤት እንውሰድ። በዳቦው ዋጋ ውስጥ ዱቄቱ፥ እርሾው፥ መብራቱ ወይም ማገዶው፥ የቤት ኪራዩ፥ የጭነቱ ሒሳብ፥ ግብሩና የባለቤቱ ትርፍ አሉ። የጋጋሪውና የሻጩ ደመወዝ ከእነዚህ መካከል አንዱ ነው። ለሒሳቡ እንዲቀል ደመወዙ ከዋጋው አራተኛው እጅ ነው እንበል። የሠራተኞቹ ሁሉ ደመወዝ በመቶ 20 ቢጨመር፥ ባለቤቱም ከትርፉ አንዲት ሣንቲም ሳይቀንስ ጭማሪውን በሙሉ በገዢው ላይ ቢጥለው፥ የዳቦው ዋጋ ከፍ የሚለው በመቶ 5 ነው፤ በ10 ብር ዳቦ ላይ 50 ሣንቲም ማለት ነው። በመቶ 20 የተጨመረለት ሠራተኛ በመቶ 5 የተወደደውን ዳቦ ገዝቶ ገና ይተርፈዋል። ምንም ያልተጨመረለት ሰው ግን 50 ሣንቲሟን ከኪሱ ያወጣል፤ የእርሱ ማጕረምረም ተገቢ ነው። እንግዲህ ደመወዝ ሲጨመር ዋጋ ሊጨምር መቻሉ እውነት ነው፤ ደመወዝ የጨመረውን ያህል ዋጋም ይጨምራል የሚለው ግን ሒሳብ የማይደግፈው ነገር ነው። የሰው እጅ የሚበዛበት ሥራ፥ እንደ ልብስ እጥበትና እንደ ጠጕር ሥራ ያለው፥ ከዳቦው ይበልጥ ይወደዳል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ጀሪካን ዘይት ግን በባለሱቁ ረዳት ደመወዝ ምክንያት የሚጨምረው እጅግ ጥቂት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሒሳብ አይደለም። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት በ1984 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1992 ሚያዝያ፥ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ ከ4 ዶላር ከ25 ሣንቲም ወደ 5 ዶላር ከ5 ሣንቲም ከፍ አለ፤ ይህም በመቶ 19 ገደማ ነው። ጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ በነበረችበት ቀረች። ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የተባሉ ሁለት የኤኮኖሚ ሊቃውንት በኒው ጀርሲና በምሥራቅ ፔንሲልቬንያ የሚገኙ 410 ፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ መረመሩ። በኒው ጀርሲ የምግቡ ዋጋ ከጎረቤቷ ይልቅ በመቶ 4 ገደማ ጨምሮ ተገኘ። ሠራተኛ ይባረራል ተብሎ የተፈራው ግን በምርመራቸው አልታየም። በዚህ በሁለተኛው ነጥብ ሌሎች ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋቸዋል፤ ክርክሩም በቀላሉ የሚያልቅ አልሆነም። ካርድ በሥራ ገበያ ላይ ባደረገው ምርምር በ2014 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል፤ ክሩገር ግን ከዚያ በፊት በ2011 ዓ.ም. ዐርፎ ነበር።

የእኛ አገር ገበያ የኒው ጀርሲን አይመስልም፤ ይህን መካድ አይገባም። ወለሉ ከሥራው አቅም በላይ ቢሰቀል ሁለት ሠራተኛ ያለው ትንሽ ነጋዴ አንዱን ያሰናብታል፥ ወይም ሠራተኛውን ከመዝገብ ውጭ አድርጎ ይደብቀዋል። ስለዚህ ልኩ በጥናት መቈረጥ አለበት። ቢሆንም «ልኩ ይጠና» ማለትና «ልክ አይኑር» ማለት የተለያዩ ናቸው።

ታዲያ ደመወዝ ተጨመረ ሲባል ገበያው ቀድሞ የሚወጣው ስለ ምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ወሬው ራሱ ነው። ነጋዴው የገዢው ኪስ ሊሞላ መሆኑን ሲሰማ፥ ነገ የሚያስከፍለውን ዛሬ ያስከፍላል፤ የእርሱ የራሱ ወጪ ገና አንዲት ሣንቲም አልጨመረም። በዚህ ጊዜ ዋጋውን የሰቀለው ደመወዙ ሳይሆን የሻጩ ግምትና የገዢው አማራጭ ማጣት ነው። ሁለተኛው የገንዘቡ ምንጭ ነው። መንግሥት ለሠራተኛው የሚጨምረውን ከግብር ሰብስቦ ቢከፍል፥ ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ተዛወረ እንጂ አልበዛም። አዲስ ገንዘብ ታትሞ ቢከፈል ግን ብሩ በዝቶ እህሉ በነበረበት ይቀራልና፥ ያን ጊዜ የሁሉም ብር ይረክሳል።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ከሁሉም የሚከብደው ግን እርሱ ይመስለኛል። በእኛ አገር ዋጋ ደመወዝን ይመራል እንጂ ደመወዝ ዋጋን ሲመራ ብዙም አልታየም። በ2014 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛው የደመወዝ መነሻ በ1,100 ብር ላይ ቆሞ ሳለ፥ የኑሮ ዋጋ ከዓመት በፊት ከነበረው በመቶ ከ30 በላይ ጨምሮ ነበር። በዚያ ዓመት ጦርነት ነበረ፥ ድርቅ ነበረ፥ የዩክሬይን ጦርነት የስንዴውንና የዘይቱን ዋጋ በዓለም ሁሉ ሰቅሎት ነበረ፤ ያልነበረው የደመወዝ ጭማሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዘይቱም፥ ነዳጁም፥ መድኃኒቱም በዶላር የሚገዙ ናቸው። የ2017 ዓ.ም. ጭማሪ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጕዳቱን ለማስታገሥ የመጣ ነገር የጕዳቱ ምክንያት ተደርጎ ሲወቀስ መስማት ያሳዝናል።

የቤት ኪራይን ነገር በአጭሩ ብቻ እናንሣ። ደመወዝ ሲጨመር ብዙ አከራይ ድርሻውን ለመጠየቅ ፈጣን ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1320/2016 ተቈጣጣሪው አካል ከሚወስነው በላይ ኪራይ መጨመርን ከልክሏል፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ተከራይ የሆነ አንባቢ ውሉን ማስመዝገቡን ይመልከት፤ አከራይ የሆነ ምእመንም ደንበኛው ደመወዝ ተጨመረለት ብሎ በሕግ ያልተፈቀደውን አይጠይቅ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ፤ ይህን ሁሉ ሒሳብ ያነሣነው ስለዚህ ነውና። ብዙዎቻችን ስለ ደመወዝ ስናወራ ራሳችንን ተቀጣሪ አድርገን እናያለን። ነገር ግን በወጥ ቤታችን የምትሠራ እኅት ካለች፥ በደጃችን የሚያድር ዘበኛ ካለ፥ ልብስ ለማጠብ በሳምንት አንድ ቀን የምትመጣ እናት ካለች፥ እኛ አሠሪዎች ነን። ያ «ደመወዝ ከተጨመረ ሁሉ ነገር ይወደዳል» የሚል ንግግርም በቤታችን ውስጥ ዕለት ዕለት የሚጐዳው እነዚህን ነው፤ «ለአንቺ ከጨመርኩ ከየት አመጣለሁ? ገበያውን ታዪው የለም?» የምንለው በእርሱ ተደግፈን ነውና። ገበያውን ግን እርሷ ከእኛ ይልቅ ታየዋለች፤ ዘንቢሉን ይዛ የምትወጣ እርሷ ናት።

እርሷን ሕግ እንኳ በሩቁ ነው የሚያውቃት። የአሠሪና ሠራተኛው ዐዋጅ ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የሚቀጠረውን ሰው በራሱ ሽፋን ውስጥ አላስገባም፤ ሁኔታው የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ብሎ ለብቻው አቈይቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ሠራተኞች ጥቂት አንቀጾች አሉት፤ አሠሪው ከእርሱ ጋር ለምትኖር ሠራተኛ ጤና እንዲጠነቀቅ ያዝዛል፤ የደመወዝ ልክ ግን አልቈረጠም። ስለዚህ የእርሷ የደመወዝ ወለል የእማወራዋና የአባወራው ኅሊና ነው። ልጆቻችን ወደ ዐረብ አገር ሄደው ደመወዛቸው ተከለከለ፥ ተጓተተ፥ ከተስማሙበት ተቀነሰ ሲባል እንናደዳለን፤ ይገባልም። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት ዐዋጅ ቍጥር 923/2008 ሠራተኛ ከመላኩ በፊት ከተቀባዩ አገር ጋር ስምምነት እንዲኖር የጠየቀው ይህን በደል ለመከላከል ነው። የሪያድዋን እመቤት የምንወቅስበትን ሚዛን ለራሳችንም ወጥ ቤት ማንሣት ይኖርብናል። ኦሪት ዘዳግም የድኻ ምንደኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንዲሰጠው ያዘዘው፥ ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በአምስተኛው ምዕራፍ ስለ ተቀማ የአጫጆች ደመወዝ ባለጠጎችን የገሠጸው፥ ለባዕድ አሠሪ ብቻ አይደለም።

ልኩን እንዴት እናግኘው? የቀድሞ አባቶቻችን ቤት አሠራር በዚህ ይረዳናል። በዚያ ዘመን አገልጋይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቀለብና ልብስ ነበር፤ ለካህኑም፥ ለወታደሩም ድርጎው በእህል ይሰፈር ነበር። በዚያ ሥርዐት ብዙ ግፍ ነበረበት፤ አንድ ነገር ግን ነበረው፤ የእህል ዋጋ ቢንር ቍናው አያንስም። ዛሬ በብር ስለምንከፍል ቍናው በየወሩ ሲያንስ ማንም አያይም። ስለዚህ ባልና ሚስት አንድ ምሽት ይቀመጡና ይህን ያስሉ፤ ሠራተኛዋ በተቀጠረችበት ወር ደመወዟ ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛ ነበር? ዛሬስ ስንት ይገዛል? ቍጥሩ አንሶ ከተገኘ፥ «አልጨመርንላትም» ብቻ ሳይሆን ቀንሰንባታል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ኪሎ መመለስ ጭማሪ አይባልም፤ ዕዳ ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚከፈለውና መነሻው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር የተሻሻለለት አባወራ በመቶ 26 እንደ ተጨመረለት ያስታውስ፤ የገቢ ግብር የማይነካው የደመወዝ መጠንም በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል።

«ከእኛ ጋር ትበላለች፥ ከእኛ ጋር ታድራለች» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ምግቧና ማደሪያዋ ዋጋ አላቸው። ይሁን እንጂ ደመወዟን እዚህ አትበላውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ገጠር ለእናቷ፥ ለታናሽ ወንድሟ ደብተርና ጫማ ትልከዋለች። እዚያም ጨውና ሳሙና ተወድደዋል።

በእውነት አቅም የሌለው ቤት አለ። ራሱ በ6,000 ብር የሚኖር፥ ኪራይ የሚከፍል፥ ልጅ የሚያስተምር ቤተ ሰብ ኪሎውን በሙሉ ልመልስ ቢል አይችልም። እንዲህ ያለው ቤት ለሠራተኛዋ ሒሳቡን ገልጦ ያሳያት፤ የሚችለውን ይጨምር፤ የቀረውን በሰዓት ይክፈላት። የማታ ትምህርት የምትማርበት ሁለት ሰዓት፥ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሳ እስከ ማታ ድረስ የራሷ የሆነ ቀን፥ ከአቅም ማጣት የተነሣ ሊሰጥ የሚችል ነገር ነው። ደመወዟንም ቀኑን ሳያሳልፍ፥ «በኋላ» ሳይል፥ በእጇ ይስጣት፤ ለነገ የቀረ ብር በዚህ ገበያ ነገ ያንኑ እንደማይገዛ እማወራዋ ከማንም ይልቅ ታውቃለች።