በገናን ከክራር ለይተው ይወቁት

ባለፈው ዐቢይ ጾም አትክልት ተራ ሽንኩርት ስገዛ ከአንድ ሱቅ ሬዲዮ የበገና መዝሙር ይሰማ ነበር። አንዲት ሕፃን አያቷን «ይሄ ምንድን ነው?» ብትላቸው «ክራር ነው ልጄ» አሏት።

ድሮ የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ዳዊት ሲደግም የመሣሪያዎቹን ስም አብሮ ይይዝ ነበር። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙር 150 ብቻ መለከት፣ በገና፣ መሰንቆ፣ ከበሮ፣ እምቢልታና ጸናጽል ተጠርተዋል። ስድስቱም ዛሬ እዚሁ አገራችን አሉ።

ባለ ክሮቹን መለየት አይከብድም። መሰንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር አለው፤ በደጋን ይመታል። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ነው። በገና ትልቅ ነው፤ ከአንጀት የተሠሩ 10 ክሮች አሉት፤ እንዚራ የሚባሉት ትንንሽ ቆዳዎችም ድምፁን ያነዝሩታል።

በነርስነቴ ዘመን ደጋግሜ እንዳየሁት፣ ጆሮ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚያመልጠው ቀጭን ድምፅ ነው። የበገና ድምፅ ወፍራም ስለሆነ አያትና የልጅ ልጅ ሬዲዮውን ሳያስጮኹ አብረው ሊሰሙት ይችላሉ።

ስለዚህ ዳዊቱን ስታነቡላቸው ስሙን ብቻ ጠርታችሁ አትለፉ፤ ድምፁንም አሰሟቸው። የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ከእናንተ ካልሰሙት ከማን ይሰሙታል?