«እሺ» የሚል ራስ

ባለፈው ጥር እናቴን ለጭንቅላት ኤምአርአይ ከደባርቅ ወደ ጎንደር ይዣት ወረድኩ፤ በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ በኩል፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። በር ላይ ማተቧን ከነመስቀሉ አውልቂ ስትባል ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ብረት ወደዚያ ክፍል አይገባምና ምርጫ አልነበረም። ከተኛች በኋላ መሣሪያው እንደ ወፍጮ ቤት ይንጓጓ ጀመር። ጋብ ባለ ቁጥር ባለሙያው በድምፅ ማጉያ «እማማ፣ ደኅና ነዎት?» ይላታል። የደጋ ሴት ደግሞ ሰው ሲጠይቃት በአፏ ብቻ አትመልስም፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ ነው። ጩኸቱ ሲቀጥልም ከንፈሯ በጸሎት አላረፈም። በመጨረሻ «ተንቀሳቅሰዋል፣ ምስሉ አይነበብም፣ ነገ ይመለሱ» ተባልን። የሆስፒታሉን ስም ልተወው። ለማደሪያውም ለድጋሚውም ከፈልን።

ኤምአርአይ እንደ ካሜራ ቀጭ አድርጎ አይጨርስም። ሥራው የሸማኔ ነው፤ መረጃውን ማግ በማግ እያስገባ ለደቂቃዎች ይቆያል። መሐል ላይ ድሩ ከተሳበ የቀደመው ማግ ከኋለኛው አይገጥምም፣ ጥለቱ ይዛነፋል። አንዱ ራስ ሦስት አራት ጥላ ያወጣል፤ ሐኪሙም ሕመሙን ከጥላው መለየት ይቸግረዋል።

ይህ የሀብታሙም አገር ራስ ምታት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ከአምስት ምርመራዎች በአንዱ ገደማ የተደገመ ክፍል እንደነበር አሳይቷል፤ ኪሳራውንም ለአንድ መሣሪያ በዓመት 115 ሺህ ዶላር ገደማ ገምቶታል። መላም አልጠፋ። ጄምስ ፓይፕ በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ፕሮፔለር የተባለ ዘዴ መረጃውን እንደ ማራገቢያ ክንፍ እየዞረ ይሰበስባል። ክንፎቹ ሁሉ መሐል ላይ ስለሚነባበሩ ኮምፒውተሩ ያንን መሐል እያስተያየ የዞረውን ክንፍ ያቃናል፤ እጅግ የተበላሸውን ችላ ይለዋል።

ታዲያ ዘዴው የሚበረታው ምስሉ በተነሣበት ጠለል ላይ ለሆነ እንቅስቃሴ ነው። ጭንቅላት እንደ ድፎ ዳቦ በአግድም እየተቆረጠ ሲታይ ግራና ቀኝ የዞረውን ያርማል፤ ጎንበስ ቀና ያለው ግን ከቁራሹ ወጥቶ ያመልጠዋል። «እምቢ» የሚለውን ራስ ያስተካክላል፣ «እሺ» የሚለውን አይችለውም። የእናቴ ራስ ደግሞ በዕድሜዋ ሁሉ «እሺ» ሲል የኖረ ነው!

ስለዚህ ሶፍትዌሩ ይገዛ፣ የመሣሪያ ግዢ ጨረታ ላይም ይጻፍ እላለሁ፤ ነገር ግን እሱ ብቻ አይበቃኝም፤ ታካሚውም አስቀድሞ በደንብ ይነገረው። ጎንደር ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጤና ባለሙያ እያሠለጠነች ወደ ገጠር የላከች ከተማ ናት። ከገበሬ ጋር መነጋገርን ለእሷ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ላይ ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይያዝ። በደንብ ሳይነገረው ለተንቀሳቀሰ ሰውም ድጋሚው በነጻ ይሁንለት፤ ይህ ቢደረግ ማስረዳቱ በራሱ ይበረታል።

በማግስቱ ተረኛዋ ወጣት ልጅ ነበረች። በእናቴ ጆሮዎች ግራና ቀኝ ስፖንጅ ሸጎጠች፣ እጇ ላይ የጎማ ኳስ አስያዘቻት። «እማማ፣ ከጨነቀዎት ይቺን ይጭመቋት። እኔ ብጠራዎት ግን እንዳይመልሱልኝ፤ አልቀየምም» አለቻት። ምስሉ ጠርቶ ወጣ። እናቴ ማተቧን እያሰረች ልጅቷን ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ስትጠራት ዝም ስላለቻት።