ማስተርሱ ላይቀር፣ የትኛው ስታቲስቲክስ?

ሰሞኑን በዲፓርትመንታችን ኮሪደር የሚወራው ወሬ አንድ ነው። ተመራቂው ሁሉ «ማስተርስ ምን ትሞላለህ?» ይባባላል። መልሱም ያው ነው፤ «ባዮስታት ነዋ! ጤና ላይ ሥራ አለ።» እኔ በዚህ መልስ ጠብ የለኝም፤ እንጀራ እንጀራ ነው። የገረመኝ ግን ስለ ድህነት፣ ስለ ስደት፣ ስለ ገበያ መመራመር እፈልጋለሁ የሚሉት ጓደኞቻችንም ሳያስቡበት ይህንኑ መድገማቸው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከሶሲዮሎጂ በኩል የሚመጡት «ቁጥሩን ኤስፒኤስኤስ ይሠራልናል» ይላሉ። ሁለቱም ጋ የሆነ ነገር የጎደለ ይመስለኛል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ተነስቼ አይደለም። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ክረምት ላይ በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ለአንድ የቤተሰብ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቼ ነበር። አንዲት እናት ቤት ገባሁና «እማማ፣ እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ቡናቸውን እየቀዱ፣ «የሚበላውን ልቁጠርልህ ወይስ የሚልከውን?» አሉኝ። ሁለት ሴት ልጆቻቸው ሳዑዲ ናቸው። ቅጹ ላይ እንዲህ ላለው ቤተሰብ ቦታ የለም። «ሦስት» ብዬ ጻፍኩ። ገቢያቸውን ስጠይቅ ደግሞ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዝም አሉ። እሱን ባዶ ተውኩት።

ደሴ ላይ ዳታው ሲገባ ባዶው ሁሉ በዜሮ ተሞላ። ሪፖርቱ ሲወጣ እኒያ እናትና እንደሳቸው ዝም ያሉት ሁሉ ገቢ የሌላቸው ተብለው ተቆጠሩ። እኔ እኮ ያኔ ስለ ጎደለ መረጃ ኖት ላይ አንብቤ፣ ተፈትኜ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቼበት ነበር! ግን ዝም ያሉት እነማን እንደሆኑና ለምን ዝም እንዳሉ ካልታወቀ ሠንጠረዡ ከንቱ መሆኑን ለአለቆቼ ማስረዳት አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር አልሞከርኩም። አበሌን ተቀብዬ ሐረጎን ወጥቼ ወደ ደሴ ተመለስኩ።

የእኛ አገር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍ ከተነሱት ዋና ማስረጃዎች አንዱ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ እዚህ ከተማ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። ስለዚህ ሴን የሰዉ የመግዛት አቅም ነው የሞተው አለ፤ ሰብሉ ከጠፋና ከብቱ ካለቀ በምን ይግዛ? ስቲቨን ዴቨሮ ደግሞ በ1988 እ.ኤ.አ. በዚሁ ረሃብ ላይ ተመልሶ ጻፈ። በወሎ ውስጥ ምግቡ ራሱ አንሶ ነበር፣ ገበያዎቹም ከሌላው አካባቢ ጋር በደንብ የተሳሰሩ አልነበሩም የሚል ነው ሙግቱ። እስቲ አስቡት፤ ይህን ያህል ሕዝብ ስላለቀበት ጉዳይ የተነሳው ክርክር፣ በከፊልም ቢሆን፣ «የአንድ ከተማ ገበያ ዋጋ ስንቱን ገበያ ይወክላል?» በሚል ጥያቄ ላይ ወደቀ። ይኼ ሳምፕሊንግ ነው። ብዙዎቻችን «ደረቅ ኮርስ» የምንለው ማለት ነው።

ጥሩ ምሳሌም አለን። ከ1992ቱ ድርቅ በኋላ በደቡብ ወሎ የተካሄደ ጥናት ነበር። የአንትሮፖሎጂና የኢኮኖሚክስ ሰዎች አብረው፣ ወደ እነዚያው ቤተሰቦች እየተመላለሱ፣ ከብቱን መልሶ ማን እንዳረባ፣ ማን እንዳቃተው ተከታተሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ጽሑፋቸው እንደሚለው ያን የመሰለ ድርቅ ቢመጣም የድሃው መጠን ከ1997 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ብዙም አልተለወጠም። የመጨረሻዎቹ ድሆች ኑሮ ትንሽ ተሻሻለ፣ ከድህነት ግን አላወጣቸውም። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ የሚሄድ ጥናት ይህን አያይም።

እንግዲህ ወደ ምርጫው ልምጣ። እንደ እኔ አስተሳሰብ የፕሮግራሙ ስም ብዙ አይነግረንም። ባዮስታትም ቢሆን አንድን ሰው በተደጋጋሚ ስለ መከታተልና በደረጃ ስለተደራረበ መረጃ (ሰው በቤተሰብ፣ ቤተሰብ በቀበሌ) በደንብ ካስተማረ ለስደትም ለድህነትም ይሆናል። ጓደኞቼን በዚህ አልወቅሳቸውም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስታቲስቲክሱ ሌላ የሥነ ሕዝብ ጥናትን ለረጅም ዓመታት ሲያስተምር ኖሯል፤ ይህን መንገድ ከኛ መካከል የሚያነሳው ጥቂት ነው። ውጭ የማመልከት ሐሳብ ያላችሁም ብትሆኑ ቤልጂግ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ በአንዱ የስታቲስቲክስ ማስተርስ ውስጥ የማኅበራዊና የትምህርት ጥናት ዘርፍ አለው። ብዙ የአገራችን ልጆች የተማሩበት ሃሴልት ደግሞ ወደ ባዮስታቱ ያደላል። አገሩ አንድ፣ የዲግሪው ስም አንድ፣ ሥራው ግን ለየቅል።

እኔ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው የናሙና አወሳሰድና የመጠይቅ ዝግጅት ትምህርት ስንት ክሬዲት እንዳለው ነው። ምክንያቱም የኛ ችግር እዚያ ነው ያለው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የደሴ ከተማ አስተዳደር ሕዝብ 151,174 ተባለ። ቀጣዩ ለ2010 ታቅዶ ተራዘመ፣ በ2011ም እንደገና ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ ኮምቦልቻ ላይ በ2009 ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፣ በ2014 ጦርነቱ በሁለቱም ከተሞች አለፈ፣ ተፈናቃዩ መጣ፣ ሄደ። መጽሐፉ «ከዝርዝሩ ላይ በዕጣ ምረጥ» ይላል። የትኛው ዝርዝር? ዝርዝር በሌለበት እንዴት እንደሚመረጥ የማያስተምር ማስተርስ፣ ቀመሩ የቱንም ያህል ቢረቅ፣ ለኛ ሥራ ግማሽ ነው።

ከዚያ የቀድሞ ተማሪዎችን ቴሲስ አያለሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት የጤና ዳታ ወስዶ አንድ ዓይነት ሪግሬሽን የሠራ ከሆነ እኔም ያንኑ እንደምሠራ አውቃለሁ። በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱና በዓለም ባንክ ትብብር በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የቤተሰቦች የኑሮ ጥናት ዳታው ለተመራማሪ ክፍት ነው። እሱን የነካ አማካሪ አለ ወይ? መንደር ወርዶ የሚያውቅስ?

«ሶሻል ሳይንሱን ተማርና ስታቲስቲክሱን በአጭር ሥልጠና ያዘው» የሚሉኝ መምህር አሉ። አከብራቸዋለሁ፣ ግን አልተስማማሁም። ባዶውን በዜሮ የሞላውም ሰው ሥልጠናውን ወስዶ ነበር።

እኔ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው እየተዘጋጀሁ ነው፤ ሁለት ቦታ ለመሙላት አስቤያለሁ፣ አንዱ ባዮስታት ነው፤ ቤተሰብም አለ፣ ደመወዝም አለ። ዲፓርትመንታችን ግን አንድ ነገር ቢያደርግልን፤ ማስተርሳቸውን ይዘው የተመለሱ መምህሮቻችን የቴሲሳቸውን ርዕስ፣ የተጠቀሙበትን ዳታና ከየት እንዳገኙት በአንድ ወረቀት ጽፈው የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቢለጥፉልን። የማመልከቻው ጊዜ ሳያልፍ።